ሺሺንዳ ላይ ሞተር ማስጠገን ስንት ያስወጣል?

ሺሺንዳ ላይ ሞተር ሳይክል ያለውን ሰው ስለ ጥገና ብትጠይቁት መልሱ አጭር ነው፦ «መካኒኮቹ አበዙት!» መካኒኩን ብትጠይቁት የሱም መልስ ያው አጭር ነው፦ «ዕቃ የለም። ያለውም አይቀመስም።»

ሁለቱም አልዋሹም። የሚጨቃጨቁት ግን በሂሳቡ ትንሿ ክፍል ላይ ነው። ትልቁ ክፍል ጋራዡ ውስጥ እንኳ የለም። ጅቡቲ ወደብ፣ ባንክ፣ መርካቶ፣ ጭቃ መንገድና የዱቤ ደብተር ላይ ተበታትኖ ነው ያለው። ይህን ሂሳብ አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማስላት ይጠቅማል። ሞተር ሲቆም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለምና።

ቦታውን ለማታውቁት፦ ሺሺንዳ በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ የውሽውሽን የሻይ ልማት አለፍ ብላችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ የሆነችውም እሷ ናት። በዋናው መንገድ ላይ አውቶቡስና ሚኒባስ ያልፋል። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌዎቹ ለመግባት ግን፣ በተለይ በክረምት፣ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ እግር ወይም ሞተር።

አዲስ አበባ ላለ አንባቢ «ሞተር» የሚለው ቃል ሌላ ነገር ያስታውሰዋል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የከተማው አስተዳደር ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ የተሰጠው ምክንያት ወንጀል ነበር። ስለዚህ በብዙ የከተማ ሰው አእምሮ ሞተር ከቦርሳ ነጠቃ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ካፋ ውስጥ ግን ከቀበሌ ጀንፈል ቡና የሚያወርደው፣ ማርና ኮረሪማ ገበያ የሚያደርሰው፣ መምህሩን ትምህርት ቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መንደር የሚያስገባው ሞተር ነው። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ከማይገባበት መንደር የምትወጣው ወይ በሰው ትከሻ በቃሬዛ ነው፣ ወይ ሞተር ላይ ከኋላ ደግፈው ይዘዋት ነው። እንዲህ ባለ አገር የፍሬን ሸራ መቼ ይቀየራል የሚለው ጥያቄ የባለሞተሩ የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

አንድ ሞተረኛ እናስብ

ስሙ አያስፈልግም፤ በየከተማው ያለ ልጅ ነው። 24 ዓመቱ ነው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠለም። አባቱ ከቡና ሽያጭ ባጠራቀሙት፣ አጎቱ ባበደሩት ገንዘብ ያገለገለች የህንድ ሞተር ገዝቷል። ብድሩ ገና አላለቀም። ሞተሯ ስትሠራ ቤተሰቡ ይበላል፣ ታናሽ እህቱ ቦንጋ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ስትቆም ሁሉም ይንገጫገጫል።

ወሩ ነሐሴ ነው። ዝናቡ አላባራም። ካቴናው ጭቃና አሸዋ ሲፈጭ ከርሞ ረግቧል፤ ዳገት ላይ ጥርሱን እየዘለለ ይንቋቋል። ልጁ ሞተሩን እየገፋ ወደ መካኒኩ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ካቴናውን ብቻ ቀይርልኝ።»

«ጥርሱም እኮ አልቋል። ከነጥርሱ ካልቀየርነው አዲሱንም ይበላዋል።»

«ከነጥርሱ ስንት ይመጣል?»

መካኒኩ ዋጋውን ይነግረዋል። ልጁ ዝም ይላል። ከዚያ፦

«እሱን ቡና ሲደርስ እናደርገዋለን። አሁን ካቴናውን ብቻ።»

«እሺ። ግን በኋላ መካኒኩ በላኝ እንዳትል።»

ሦስት ወር ሳይሞላ ካቴናው እንደገና ይዘልላል። ልጁም «መካኒኩ በላኝ» ይላል።

ይህ ጭቅጭቅ ሺሺንዳ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ ጅማም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ሐዋሳም አለ። ነገሩ ግን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ማጭበርበር ብቻ ከታየ አይገባም። መካኒኩ ያለው ትክክል ነው። ካቴናና ጥርስ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ያልቃሉ። ያለቀ ጥርስ ጫፉ ሾሎ እንደ መንጠቆ ይቆለመማል፤ አዲስ ካቴና ሲገባበት በትክክል ስለማይቀመጥ ይጎትተዋል፣ ያረግበዋል። ልጁም ግን አልተሳሳተም። ኪሱ ውስጥ ያለው ለካቴናው ብቻ የሚበቃ ነበር። ድሃ ሰው ውድ የሆነውን ምርጫ የሚመርጠው ርካሽ መስሎት ብቻ አይደለም፤ ሌላውን የሚመርጥበት ገንዘብ በዚያ ቀን በእጁ ስለሌለም ነው።

እስቲ እናስላው

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። የገበያ ዋጋ ተደርገው አይወሰዱ፤ እያንዳንዳችሁ የአካባቢያችሁን ዋጋ አስገብታችሁ ሞክሩት።

ካቴና ብቻ 1,200 ብር ነው እንበል። ከፊትና ከኋላ ጥርስ ጋር ሙሉው 3,000 ብር ይሁን። የእጅ ዋጋ ለካቴና ብቻ 200 ብር፣ ለሙሉው 300 ብር። ልጁ ከቤንዚን በኋላ በቀን 600 ብር ያገኛል፤ ለጥገና በቆመ ቁጥር ግማሽ ቀን ይባክንበታል፤ ይህም 300 ብር ነው። በያለቀ ጥርስ ላይ የገባ ካቴና 3 ወር፣ ከነጥርሱ የተቀየረው ዓመት ያገለግላል ብለን እንነሳ።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ካቴና በዓመት 4 ጊዜ ይቀየራል። ዕቃው 4,800 ብር፣ የእጅ 800 ብር፣ የባከነው ጊዜ 1,200 ብር። ድምሩ 6,800 ብር።

ሁለተኛው መንገድ፦ ሙሉው አንድ ጊዜ ይቀየራል። ዕቃው 3,000 ብር፣ የእጅ 300 ብር፣ የባከነው ጊዜ 300 ብር። ድምሩ 3,600 ብር።

«ርካሹ» መንገድ በ3,200 ብር ውድ ሆነ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ልጁ የጎደለው ግን 1,900 ብር ብቻ ነበር። በዚያች 1,900 ብር እጦት በዓመቱ 3,200 ብር ከፈለ። እንዲህ ያለውን ወለድ አራጣ አበዳሪም አይጠይቅም።

አሁን ደግሞ ልጁና መካኒኩ የሚጨቃጨቁበትን የእጅ ዋጋ ተመልከቱ። በመጀመሪያው መንገድ ከ6,800 ብር ውስጥ 800 ብር ነው። በሁለተኛው ከ3,600 ብር ውስጥ 300 ብር ነው። በሁለቱም ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ መሆኑ ነው። ልጁ ተከራክሮ መካኒኩን በግማሽ ቢያስቀንሰው እንኳ በዓመቱ የሚያተርፈው፣ ጥርሱን ባለመቀየሩ ከሚያጣው አንድ ስምንተኛውን ነው።

ቁጥሮቹን ብትቀያይሯቸውም የነገሩ ቅርጽ ብዙ አይለወጥም። የጥገና ወጪ ሦስት ቁራጭ አለው፦ ዕቃው፣ የቆመበት ጊዜና እጁ። ጩኸቱ በሙሉ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። ለምን ቢባል፣ ፊቱ የሚታየው መካኒኩ ብቻ ስለሆነ ነው። ዶላሩም፣ ጭነቱም፣ ጭቃውም ፊት የላቸውም።

ዕቃው በስንት እጅ ያልፋል?

አንድ የህንድ ወይም የቻይና ካቴና ሺሺንዳ ለመድረስ የሚሄደውን አስቡት። ከፋብሪካ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ከአስመጪ ወደ ጅምላ ሻጭ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ሺሺንዳ። በየማረፊያው አንድ ሰው ያተርፋል። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ መጋዘንም፣ ጭነትም፣ ግብርም አለበት። ግን የመጨረሻው ገዢ ከሁሉም ድሃው ነው፣ ከሁሉም ትንሹን መጠን የሚገዛውም እሱ ነው። አንድ ካቴና ብቻ የሚገዛ ሰው የጅምላ ዋጋ አይጠይቅም።

ከዚያ ዶላሩ አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው የባንኮች ተመን ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ተመን ያሰላ የነበረ አስመጪ ስለነበር የዕቃ ሁሉ ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። ግን የሞተረኛው ታሪፍ በዚያ ፍጥነት አልጨመረም፤ ሊጨምርም አይችልም። ከቀበሌ የሚመጣው ተሳፋሪ ዶላር አያገኝም። ካቴናው በዶላር ይመጣል፣ ሞተረኛው በብር ይከፈላል፣ መካኒኩ መሀል ቆሞ ይሰደባል።

መካኒኩ ባንክም ነው

ስለ መካኒኩ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በቡና አገር ገንዘብ ወቅት አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፣ ይሸጣል፣ እጅ ላይ ብር ይገባል። ሞተር ክፉኛ የሚበላሸው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ብር በሌለበት፣ ጭቃው በበዛበት ጊዜ ነው። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ማን ነው? ባንክ አይደለም።  የሚሸፍነው የመካኒኩ የዱቤ ደብተር ነው።

«ቡና ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» የሚለው ቃል ሲቆጠር ብዙ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዳንዱ ይከፈላል፣ አንዳንዱ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ባለቤቱ ሌላ መካኒክ ጋር መሄድ ሲጀምር ይጠፋል። መካኒኩ ይህን ኪሳራ ከየት ያመጣዋል? በደህና ከሚከፍለው ሰው የእጅ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ አንዱ ደንበኛ «አበዛብኝ» የሚለው ዋጋ ውስጥ የሌላው ደንበኛ ያልተከፈለ ዱቤ አለበት። የእጅ ዋጋ ተብሎ የሚጠራው ነገር ከእጅ በላይ ነው፤ ወለድም ኪሳራም ተጨምሮበታል።

በዚያ ላይ የመካኒኩን መሣሪያ እዩት። ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፤ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን በዓመቱ እየገዛ ያጠራቀመው ነው። ሙያውን የተማረው ከሌላ መካኒክ ሥር ዳዶ እያቀበለ ነው። አጠገቡ ዛሬም አንድ ልጅ ዳዶ እያቀበለ ይማራል። በዚህ መንገድ ጥሩ እጅ ያለው ሰው ይወጣል። ግን አንድ ብሎን ስንት ጥብቀት እንደሚፈልግ፣ የቫልቭ ክፍተት በምን እንደሚለካ የሚነግር የአምራቹ መጽሐፍ በጋራዡ ውስጥ የለም። በጆሮና በጣት ይሠራል። ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ሳያዋጣ ሲቀር የሚከፍለው ባለሞተሩ ነው።

«ኦርጅናል ነው?»

ሌላው ስውር ወጪ ፎርጅድ ዕቃ ነው። ካርቶኑ ያው፣ ጽሑፉ ያው፣ ብረቱ ሌላ። የፍሬን ሸራ ሲሆን ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላ ሰው ተቀምጦ፣ ከፊት ጆንያ ተጭኖ ሸራው ሲከዳ የሚቀረው እግር ነው።

ሞተረኛው «ኦርጅናል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ይላል። ይህን ጥያቄና መልስ የሚያጣራ ማንም የለም። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሸራ ደግሞ ቀን ጠብቆ አያልቅም። ደረሰኝ ቢኖር ዕቃው ሲከዳ ወደ ሻጩ መመለስ ይቻል ነበር። ደረሰኝ ግን አይጠየቅም፣ ቢጠየቅም አይሰጥም፤ የሚጠይቀው ሰውም «ግብር ያስገባን ሊሆን ነው» ተብሎ በጥርጣሬ ይታያል።

አንድ ሩቅ ምሳሌ

ለማወዳደር ያህል ከካፋ በጣም የራቀ ዕቃ እንውሰድ፦ የበረዶ ሸርተቴ። ኢትዮጵያውያን ከዚህ ስፖርት ጋር የምንተዋወቀው በአንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተሰለፈ። በረዶ በሌለበት አዲስ አበባ ጎማ ባለው ሸርተቴ አስፋልት ላይ ሲለማመድ የሚያዩት ሰዎች ይገረሙ ነበር። ያ መሣሪያ ቢሰበርበት የሚጠግንለት ሱቅ በከተማዋ አይገኝም ነበር።

ሸርተቴ በሚዘወተርበት አገር ግን በየተራራው ሥር የጥገና ሱቅ አለ። ጠርዙን ይስላሉ፣ ሥሩን ሰም ይቀባሉ፣ የተሰነጠቀውን ይሞላሉ። ጫማውን ከሸርተቴው ጋር የሚይዘውን ማሰሪያም ሰውየው ሲወድቅ በጊዜ እንዲለቀው በማሽን ይፈትሹታል። እዚያም ደንበኛው «የሰፈር ሱቅ አበዛ» እያለ ያማርራል። ብዙ ሰው ካውያና ሞረድ ገዝቶ ቤቱ ውስጥ ራሱ መሥራት የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ሀብታም አገር መሆን ከዚህ ጭቅጭቅ አላዳናቸውም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ማሰሪያው ሲፈተሽ የሰውየው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና የተሞላለት ልክ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ይፈረምበታል። ማሰሪያው በጊዜ ባይለቅና እግር ቢሰበር ያ ወረቀት ይወጣል። ደግሞ ልማድ አላቸው፦ ዋናው ጥገና የሚሠራው በረዶው ሳይጀምር ነው። ወቅቱ ከገባ በኋላ የመጣ ሰው ሰልፍ ይጠብቃል።

ከዚህ ውስጥ ሀብት የሚጠይቀው የትኛው ነው? ማሽኑ ብቻ ነው። የተጻፈ ዋጋ ሀብት አይጠይቅም። ወረቀትና እስክሪብቶ ሀብት አይጠይቅም። ከወቅት በፊት መጠገን ጭራሹን ወጪ ይቀንሳል።

ሕጉ አለ

የሚገርመው፣ ይህ በእኛም አገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃና የሚሰጠውን አገልግሎት ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲያሳውቅ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዛል። ጋራዥም አገልግሎት ነው። ሕጉ ካለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዋጋ ለጥፎ የሚሠራ የሞተር ጋራዥ ግን በገጠር ከተማ ቀርቶ በትልልቁም ከተማ በፋና ተፈልጎ የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ማኅተምና ቅጣት ይዘው ቢወጡ ጋራዦቹ ይዘጋሉ፣ ጥገናው ከጓሮ ይሠራል፣ ዋጋውም ይጨምራል። የሚሻለው መካኒኮቹን ሰብስቦ አንድ ሰሌዳ ላይ መስማማት ነው። ዘይት መቀየር ይህን ያህል፣ ካቴና ከነጥርሱ ይህን ያህል፣ የፍሬን ሸራ ይህን ያህል፤ የእጅ ብቻ። የዕቃው ዋጋ ስለሚዋዥቅ ለብቻው ይነገር። ዋጋው የተጻፈለት መካኒክም ይጠቀማል፤ በየቀኑ አሥር ጊዜ ከመጨቃጨቅ ይድናል፣ ዘመድም ጓደኛም ሰሌዳውን ያያል።

ከመንግሥት የማይጠበቅ

ሞተረኞቹ ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ከዚህ ይበልጣል።

አንደኛ፣ የጥገና ዕቁብ። ዕቁብ ለሠርግ፣ ለቤት ክዳን፣ ለበሬ መግዣ ይጣላል። ለካቴና ለምን አይጣልም? 20 ሞተረኞች በሳምንት 50 ብር ቢያስቀምጡ በሳምንት 1,000 ብር፣ በዓመት 52,000 ብር ይሆናል። ከላይ በተነሳንበት የስሌት ዋጋ 17 ሙሉ ካቴና ከነጥርሱ ይገዛል። ከሁሉ በላይ ግን 17 አንድ ላይ የሚገዛ ሰው ጅማም መርካቶም ሄዶ የጅምላ ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ነሐሴ ላይ 1,900 ብር የጎደለው ልጅ ደግሞ ከዕቁቡ ወስዶ ቡና ሲደርስ ይመልሳል። ሳንቲሟ የግማሽ ኪሎ ስኳር ዋጋ እንኳ ላትሞላ ትችላለች፤ የምትሠራው ሥራ ግን መካኒኩ በዱቤ ደብተሩ ሲሸከመው የኖረውን ነው።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ዕቃ መቀበል። የተቀየረው ሸራ፣ ካንዴላ፣ ካቴና ለባለቤቱ ይሰጥ። ያለቀ ጥርስ በእጁ የያዘ ሰው ለምን እንደተቀየረ ማስረዳት አያስፈልገውም። ያላለቀ ዕቃ ተቀይሮበትም ከሆነ ያያል። ታማኝ መካኒክ በዚህ አይከፋም።

ሦስተኛ፣ ደብተር። አንድ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ምን ተሠራ፣ ስንት ተከፈለ፣ የመካኒኩ ፊርማ። ሞተሩ ሲሸጥ ያ ደብተር ዋጋ ይጨምራል። ፎርጅድ ሸራ ስንት ሳምንት እንደቆየ የሚያሳየውም እሱ ነው።

አራተኛ፣ ወቅቱን መቅደም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ግንቦት ላይ ፍሬን፣ ጎማና ካቴና፤ ቡና ከመድረሱ በፊት መስከረም ላይ ዘይት፣ ካንዴላና ኩሽኔታ ይታይ። ካቴናን ከጭቃ በኋላ አጥቦ ዘይት መቀባት ምንም አያስወጣም፤ ዕድሜውን ግን ያረዝማል።

ስለ ዘይት ከተነሳ አንድ ሂሳብ ውስጥ የማይገባ ወጪም አለ። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ብዙ ቦታ መሬት ላይ ይደፋል፣ ዝናብ ይወስደዋል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው። ጫካ ቡናው፣ ንቡ፣ ምንጩ የዚህ ሕዝብ ኑሮ ነው። በየጋራዡ አንድ ጀሪካን አስቀምጦ የተቃጠለውን ዘይት ማጠራቀም ለመጀመር ጥናትና ፕሮጀክት አይጠብቅም።

ነገ የሚመጣው

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። አቅጣጫው ወደ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሁለት እግር ያላቸውም መከተላቸው አይቀርም። ለነዳጅ ወረፋና ለጄሪካን ቤንዚን ዋጋ ይህ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል። ግን ያ ሞተር ሺሺንዳ ላይ ሲቆም ማን ይከፍተዋል? በጆሮ የሚሠራ መካኒክ ድምፅ የሌለውን ሞተር በምን ያዳምጠዋል? ካቴና ሲበጠስ አሮጌውን ቀጥሎ ከተማ መድረስ ይቻላል። ባትሪው ሲከዳ ግን መቀጠል የለም።

ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የሥራ ዝርዝር ላይ አንድ ነገር ቢጨመር አይበዛም፦ በየጋራዡ እየሠሩ ያሉትን መካኒኮች ከነሙያቸው ተቀብሎ የጎደላቸውን በሁለትና በሦስት ሳምንት ማሟላት፣ ፈትኖም የብቃት ማረጋገጫ መስጠት። ከ12ኛ ክፍል የመጣውን ተማሪ ከዜሮ ማስተማር አንድ ሥራ ነው፤ 15 ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረውን ሰው መለኪያና የአምራቹን መጽሐፍ ማስያዝ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፣ ብዙም ገንዘብ አይፈልግም። ሰውየው አጠገቡ ዳዶ የሚያቀብለውንም ልጅ ያስተምረዋል።

መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ በኪሎ ሜትር ተለክቶ በዜና ይነገራል። ካቴና ከነጥርሱ ሲቀየር ማንም አያጨበጭብም። ነገር ግን መንገዱ የተሠራለት ገበሬ ቡናውን፣ መንገዱ የተሠራላት እናት ራሷን ጤና ጣቢያ ማድረስ የምትችለው አንድ ሞተረኛ ነሐሴ ላይ የጎደለችውን 1,900 ብር አግኝቶ ጥርሱን በጊዜ ሲቀይር ነው። የወረዳ በጀት ሲያዝ «ጥገና» የሚለው መስመር ለመንግሥት መኪና ብቻ ተጽፎ ሲቀር፣ የሕዝቡን መኪና የሚጠግነው ያ በቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው መሆኑን የሚያስታውስ አንድ ሰው ከስብሰባው ላይ እጁን ያውጣ።